የአያቴ የጣልያን ዘመን ካርድ፦ «ተባረሩ» ነው ወይስ «ጨረሱ»? የሚያነብልኝ አለ?

የመንደፈራው የልጅ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ላስቸግራችሁ ነው።

የእናቴ አባት የተወለዱት ኤርትራ ውስጥ መንደፈራ ነው። በጣልያን ጊዜ ከተማዋን አዲ ዑግሪ ይሏት ነበር። ጎልማሳ ሆነው አዲስ አበባ መጡ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጋራዥ ሠርተው እዚሁ አረፉ። ባለፈው ሳምንት የእናቴን ቁም ሣጥን ስናጸዳ በጣልያንኛ የተጻፈ የትምህርት ቤት ካርድ አገኘን። ከጋብቻ ወረቀታቸው ጋር አብረው አጥፈው አስቀምጠውታል።

ካርዱ «ክላሴ ኳርታ» ይላል። አራተኛ ክፍል መሆኑ ገብቶኛል። ከታች ግን በእጅ ጽሑፍ «ሊቼንዚያቶ» የሚል ቃል አለ። ስልኬ ላይ ባለው መተርጎሚያ ሳስገባው «ተባረረ» አለኝ። እናቴ ክው አለች። ቤታችን ሲወራ የኖረው «አባባ ትምህርት ጠልተው ከአራተኛ አቋረጡ» የሚል ነው። እሳቸውም ሲጠየቁ ዝም ነበር መልሳቸው። አሁን ጭራሽ ተባረው ነበር ልንል ነው?

የመጀመሪያው ሦስት ወር ላይ 23 ቀን ቀሪ ተብለዋል፤ በሌሎቹ ላይ 2 እና 4። ዓመተ ምሕረቱ ደግሞ በሮማውያን ቁጥር 15 ብቻ ነው። የምን 15 ነው? ስማቸው ያለበት መዝገብስ የሆነ ቦታ ይገኝ ይሆን? የምታውቁትን ጻፉልኝ፤ እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ እየጠበቀች ነው።

ሮማ ነዋሪ

እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊያቸው። አያትሽ አልተባረሩም።

ያ ቃል በሥራ ቦታ ሲነገር «ከሥራ ተሰናበተ» ነው፤ መተርጎሚያው የያዘው እሱን ነው። ትምህርት ቤት ላይ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። «ሊቼንዛ» ማለት የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ነው። «ሊቼንዚያቶ» የተባለ ተማሪ የመጨረሻውን ፈተና አልፎ ትምህርቱን የጨረሰ ነው። ቢወድቁ ኖሮ «ሬስፒንቶ» ይባሉ ነበር። እኛ ካርድ ላይ «ተዛውሯል» የምንለውን እነሱ «ፕሮሞሶ» ይሉታል። አያትሽ «ፕሮሞሶ» ያልተባሉት የሚዛወሩበት ክፍል ስላልነበረ ነው።

ቁጥሩ የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር ነው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። ቁጥሩ ላይ 1921 ስትደምሪ ዓመቱ የሚጀምርበትን ጥቅምት ታገኚያለሽ። 15 ሲደመር 1921፣ 1936 ነው። ስለዚህ ካርዱ የ1936/37 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 1929 ዓ.ም.። አዲስ አበባ በጣልያን እጅ የነበረችበት ዓመት ማለት ነው።

እስቲ የትምህርቶቹን ስም ጻፊልን።

የመንደፈራው የልጅ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጮክ ብዬ ሳነብላት እናቴ አለቀሰች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

ትምህርቶቹ እነዚህ ናቸው፤ እንዳነበብኩት ነው የምጽፈው። ሊንጓ ኢታሊያና፣ አሪትሜቲካ፣ ኢጂዬኔ፣ ስቶሪያ ኤ ጂኦግራፊያ፣ ላቮሪ አግሪኮሊ፣ ኮንዶታ።

ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ልቤ ተነካ። ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። ብዙ ቤተሰብ «አያታችን ሰነፍ ነበር» ሲል እሰማለሁ። ስንፍና አይደለም። መንገዱ ራሱ እዚያ ላይ ተቆርጦ ነበር።

በጣልያን ኤርትራ የሀገሬው ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማረው እስከ አራተኛ ክፍል ነበር። የጣልያን ልጆች ትምህርት ቤት ለብቻው ነው፤ እነሱ አስመራ ውስጥ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ይዘልቃሉ። አያትሽ አንደኛ ቢወጡም አምስተኛ ክፍል የሚባል አይጠብቃቸውም።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከ1897 እስከ 1907 እ.ኤ.አ. ኤርትራን ያስተዳደረው ፈርዲናንዶ ማርቲኒ በሀገሩ የትምህርት ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። ትምህርት ምን እንደሚያደርግ አሳምሮ ያውቃል። ለኤርትራውያን ትምህርት ቤት መክፈትን ያልወደደውም እሱ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር።

የካርዱን ዝርዝር ደግሞ እንየው። የጣልያንኛ ቋንቋ፣ ሂሳብ፣ ንጽሕና አጠባበቅ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ የእርሻ ሥራ፣ ጠባይ። ትግርኛ የለም። በ1938 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም አያትሽ በጨረሱ በዓመቱ፣ የትምህርት ዳይሬክተሩ አንድሬያ ፌስታ ለርእሳነ መምህራኑ መመሪያ ላከ። ተማሪው አራተኛን ሲጨርስ ጣልያንኛ በመጠኑ ይናገር፤ አራቱን የሂሳብ ስሌቶች ይወቅ፤ ንጽሕናን አምኖ ለሌላው ይስበክ አለ። ከታሪክ ማወቅ ያለበት ግን ጣልያንን ታላቅ ያደረጉ ሰዎችን ስም ብቻ ነው። እንግዲህ ካርዱ ላይ «ስቶሪያ» የሚለው ይህ ነው። የራሱ ሀገር ታሪክ አልነበረበትም።

የሚፈለገው ለአስተርጓሚነት፣ ለጽሕፈት ረዳትነት፣ ለተላላኪነትና ለወታደርነት የሚበቃ ሰው ነበር። ከዚያ በላይ የተማረ ሰው ያሰጋቸው ነበር።

የደጋ ልጅ

ስለ 23ቱ ቀን እኔ ልመልስ። የመጀመሪያው ሦስት ወር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው አይደል? በእኛ ደጋ ያ መከር ነው። አጨዳው፣ ውቂያው፣ ከብት ጥበቃው። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ቤት ይፈለጋል። አባቴም በኅዳር ክፍል ውስጥ የሚቀሩት የከተማ ልጆች ብቻ ናቸው ይል ነበር። ለነገሩ በሌላው ጊዜ 2 እና 4 ቀን ብቻ የቀረ ልጅ ትምህርት ጠልቶ አይደለም።

ካርዱ ላይ «ጁስቲፊካቴ» ከሚለው ጎን ነው ወይስ «ኢንጁስቲፊካቴ»? የመጀመሪያው በፈቃድ፣ ሁለተኛው ያለ ፈቃድ ነው።

የመንደፈራው የልጅ ልጅ (ጠያቂ)

ያለ ፈቃድ ነው፤ 23ቱም። እናቴ አሁን ትዝ ያላት ነገር አለ። አያቴ «ትምህርት ቤቱ ጤፋችንን አያውቅም ነበር» ይሉ ነበር። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባትም ነበር።

እውነቱን ተናጋሪ

ሁሉንም በጣልያን አናሳብብ። ጣልያን በ1941 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ትምህርት ቤት ከፍቷል። አያትሽ ከፈለጉ ለምን አልቀጠሉም? መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል።

ጡረተኛ መምህር

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እንግሊዞች በእርግጥ ትምህርቱን አስፍተዋል። ማስተማሪያው ትግርኛና ዐረብኛ ሆነ፤ እንግሊዝኛም ተጨመረ። መምህር ይስሐቅ ተወልደመድኅንን የመሰሉ ኤርትራውያን ሌት ተቀን ደክመውበታል። መጽሐፍ የለም፣ መምህርም የለም፤ ሁለቱንም ከዜሮ ነው የሠሩት።

ነገር ግን ቀኑን ቁጠረው። ልጁ በ1937 አራተኛን ሲጨርስ 12 ዓመት ነበር እንበል። እንግሊዝ ሲገባ 16 ይሆነዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተከፈቱት ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ከዚያ በላይ ያለው የመጣው ዘግይቶ ነው። እስከዚያ ልጁ ጋራዥ ገብቷል፣ እናት አባቱን ይጦራል።

ከአራተኛ በላይ የፈለገ ብዙ ሰው ሀገር ጥሎ ነው የሄደው። ብላቴን ጌታ ሎሬንሶ ታእዛዝን አስታውስ። የአከለ ጉዛይ ልጅ ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረው፣ ፈረንሳይ ሀገር ሕግ ተምረው፣ በኋላ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የቆሙ ሰው ናቸው። ግን ስንቱ መሻገር ይችላል? የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤቶችም አንድ ተስፋ ነበሩ። እነሱንም ጣልያን በ1930ዎቹ ዘጋቸው፤ ሚሲዮናውያኑንም አስወጣቸው።

እውነቱን ተናጋሪ

ገባኝ፣ መምህር። በዕድሜው አስልቼው አላውቅም ነበር። እህቴ፣ ይቅርታ።

የጉለሌዋ

አያቴም ያንን ዘመን አዲስ አበባ ነው ያዩት። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1925 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ የእኛን ልጆች ያስተምር ነበር። ጣልያን ሲገባ ለራሱ ልጆች አደረገው። አያቴ በአጥሩ አጠገብ እያለፉ ደወሉን ይሰሙ እንደነበር ይነግሩን ነበር። ስለ አያትሽ ሳነብ ያ ደወል ትዝ አለኝ።

ሮማ ነዋሪ

ስለ መዝገቡ ልንገርሽ። ሮማ በሚገኘው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታሪካዊ መዝገብ ቤት ውስጥ የኤርትራ አስተዳደር ሰነዶች አሉ። አስቀድመሽ በጣልያንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፊላቸው። ግን አብዛኛው የመንግሥት ደብዳቤና ሪፖርት ነው፤ የተማሪ ስም ዝርዝር በብዛት አትጠብቂ። አስመራ ዘመድ ካለሽ ትምህርት ቤቱ የነበረበት ቦታና ሰበካው ሄዶ ቢጠይቅ ይሻላል። የክርስትና መዝገብ ከክፍል መዝገብ የበለጠ ዕድሜ አለው።

ስሙን ስትፈልጊ ተጠንቀቂ። ጣልያኖች ስማችንን በራሳቸው አጻጻፍ ነው የሚያሰፍሩት። በ«ወ» የሚጀምር ስም፣ ለምሳሌ ወልዱ፣ የእንግሊዝኛው «ደብልዩ» ሥር አይገኝም፤ «ዩ» ሥር ነው። ኪዳኔ ደግሞ በ«ኬ» ሳይሆን በ«ሲ» እና «ኤች» ይጀምራል። እኔ የራሴን አያት ሁለት ዓመት ያጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ካርዱን ደግሞ ላሚኔት እንዳታስደርጊው። ሙቀቱ ቀለሙን ያበላሸዋል፤ ኋላም አይላቀቅም። በሁለቱም በኩል አንሺውና ወረቀቱን ንጹሕ ነጭ ወረቀት መሐል አድርጊው።

የመንደፈራው የልጅ ልጅ (ጠያቂ)

ላሚኔት ላስደርገው ነገ ልወስደው ነበር! ተመስገን።

የአያቴ አባት ስም በ«ወ» ነው የሚጀምረው። ነገ ደብዳቤውን እጽፋለሁ። አስመራ ያለችው አክስቴም ሰበካው ሄዳ እንደምትጠይቅ አሁን በስልክ ነግራኛለች። እናቴ ደግሞ ለእህቶቿ በየተራ እየደወለች ነው። የምትላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አባባ ጨርሰው ነው የወጡት።»