«ትልቅ ጀልባ ያስፈልግሃል» በአማርኛ እንዴት ይባል?

ጣና ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ለሰፈራችን ሰው «ጆውስ»ን በአዳራሹ ልናሳይ ተስማምተናል። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 እ.ኤ.አ. የሠራው የሻርኩ ፊልም ነው። ያልተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ንግግሩ በአማርኛ ድምፅ ይሁን ወይስ ከሥር በጽሑፍ ይተርጎም? እኔ በድምፅ ይሁን ባይ ነኝ። እናቴ ጽሑፉን አንብባ ሳትጨርስ ያልፋታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዓሣ ብቻ አይታ እንድትመለስ አልፈልግም። ሐሳባችሁን ጣሉበት።

የሽምብጥ ልጅ
እኔ አልስማማም። ከፊልም ውስጥ ሰው የሚያስታውሰው ንግግር ቃሉ ብቻ አይደለም። ድምፁም ነው፣ ትንፋሹም ነው። በዚሁ ፊልም የፖሊስ አዛዡ ሻርኩን ለመሳብ ወደ ባሕሩ ሥጋ እየወረወረ ሳለ ዓሣው ድንገት ከአጠገቡ ብቅ ይላል። አዛዡ ውሃ የሚፈራ ሰው ነው። ግን አይጮህም። ወደ ኋላ እያፈገፈገ ካፒቴኑ ጋ ይደርስና በለሆሳስ «ትልቅ ጀልባ ያስፈልግሃል» ይለዋል። ይህ አባባል ስክሪፕቱ ላይ አልነበረም። ተዋናዩ ሮይ ሻይደር ቀረጻ ላይ ከራሱ ያመጣው ነው። ታዲያ ከሰውየው አፍ የወጣውን ነጥቀን በሌላ ሰው ድምፅ ብንተካው ምን ይቀራል?

ፋሲሎ
ወንድሜ፣ ጽሑፉም እኮ ይገድለዋል። ብቅ ሲል ሙሉው ነው የሚታየው። ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት አዳራሹ አንብቦ ጨርሷል። ሰው ቀድሞ ይስቅና ንግግሩ ሲመጣ ሳቁ አልቋል። ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

የሽምብጥ ልጅ
እሱ እውነት ነው። ግን ቃና በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር የኪነ ጥበብ ሰዎች ለምን እንደተቃወሙ አስታውሱ። የእንጀራ ጉዳይ እንደነበረበት አውቃለሁ። የኔ ቅሬታ ግን አማርኛው ላይ ነው። እኔ አማተር ቲያትር እሠራለሁ። ከንፈር ለማስገጠም ሲባል ማንም ቤቱ የማይናገረው አማርኛ ስሰማ ያመኛል። የተጣላውም፣ ያፈቀረውም፣ የሞት አፋፍ ላይ ያለውም ሁሉም ዜና የሚያነብ ይመስላል።

መምህርት
የዘለላችሁት ነገር አለ። ትርጉሙ ጥሩ ሲሆን አባባሉ የኛው ሆኖ ይቀራል። በ1939 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የሚያበቃው ስካርሌት «ነገም ሌላ ቀን ነው» ስትል ነው። ፊልሙ የተሠራበት መጽሐፍም እንደዚያው። ነቢይ መኮንን መጽሐፉን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ሲተረጉመው፣ ያቺው የመጨረሻ ቃል የአማርኛው ርእስ ሆነች። ተማሪዎቼ መጽሐፉን ሳያዩት ይሏታል።

ተርጓሚው ግን ጆሮ ያስፈልገዋል። በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ዳርት ቬደር ማንነቱን ለሉክ ሲነግረው «አባት» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እኛ በለመድነው አካሄድ «አባትህ ነኝ» ካልን ምስጢሩ በመጀመሪያው ቃል ይፈሳል። «እኔ ነኝ አባትህ» ስንል ግን ዱላው በቦታው ያርፋል። ቃሉ ያው ነው፣ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተለወጠ።

ጀልባው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እንግሊዝኛው አንተን ከአንቱ አይለይም። ካፒቴኑ በዕድሜ ይበልጣል፣ ጀልባዋም የሱ ናት። ታዲያ «ያስፈልግሃል» ነው «ያስፈልግዎታል»? እኔ «ያስፈልግዎታል» እላለሁ። ባህር ዳር ላይ አንድን ሽማግሌ ካፒቴን «አንተ» የሚል ፖሊስ ሰው ይከፋበታል።

ፋሲሎ
«ያስፈልገናል» ብንልስ? ብዙ ሰው በእንግሊዝኛውም እንደዚያ እያለ ነው የሚጠቅሰው።

መምህርት
በስህተት ነው። አዛዡ «እኛ» አላለም። ጀልባዋ ያንተ፣ ጣጣውም ያንተ እንደማለት ነው። «እኛ» ካልነው ፍርሃቱ ይለሰልሳል።

ባለጀልባው
ሰላም ልጆች። እኔ ፊልሙን አላየሁትም። ስለ አንተና አንቱው ግን ልናገር። በኛ ሙያ ትልቅ ሰው አንተ አይባልም፣ መምህርት ልክ ናት። ነገር ግን አንድ ቀን ከሰዓት ከዘጌ ስመለስ ነፋሱ ድንገት ተነሣ። ማዕበሉ ጀልባዋን በጎን ያዛት። ረዳቴ ገና ልጅ ነው። ከጧት እስከ ማታ «ጋሼ፣ እርስዎ» ሲለኝ ነው የሚውለው። ያን ጊዜ «አዙረው!» ብሎ ጮኸብኝ። አዞርኩት። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አንተ ብሎኝ አያውቅም። ሰው ሞትን ሲያይ አንቱታው ይጠፋዋል። ሰውየው ያን ዓሣ በቅርብ ካየው «ያስፈልግሃል» ነው የሚለው።

መምህርት
ጋሼ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። እስከዚያ ትዕይንት ድረስ ካፒቴኑን በአንቱታ ያናግረው። እዚያች ላይ ብቻ «አንተ» ይበለው። እንግሊዝኛው ራሱ ይህን ማድረግ አይችልም።

ጣና ዳር
ይኸው! በድምፅ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው።

የሽምብጥ ልጅ
እኔ አሁንም የሻይደር ድምፅ መሰማት አለበት እላለሁ። ስለዚህ ፊልሙ በጽሑፍ ይሂድ። ማንበብ ለሚያስቸግራቸው እናቶች ፊት ለፊት ቦታ ይዘን አጠገባቸው ተቀምጠን እንንገራቸው። ያቺን አንዷን ግን በድምፅ ብትሆን አልቃወምም። የሚናገራት ጋሼ ከሆኑ ብቻ።

ባለጀልባው
ሐሙስ ከሰዓት መንገደኞቼን አድርሼ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ፊልሙን አሳዩኝ።