የኒው ዮርክን አቧራ የዋጠ አጎቴ ባሕር ዳር ሆኖ የአሜሪካንን ሕክምና ያገኛል?

የፋሲሎ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ኒው ዮርክ 16 ዓመት ኖሮ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ጠቅልሎ ባሕር ዳር ገባ። መንትያዎቹ ሕንፃዎች የፈረሱ ዕለት መስከረም 1 ቀን 1994 ነበር፣ የእኛ እንቁጣጣሽ። እናቴ «እንኳን አደረሰህ» ልትለው ስትደውል መስመር አልገባ ብሏት እስከ ማግስቱ ስታለቅስ አስታውሳለሁ። እሱ ያኔ ብሮድዌይ አጠገብ አንድ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ነበር። ከሳምንት በኋላ ጠሯቸውና እስከ ፋሲካ ድረስ አቧራ ሲጠርጉ ከረሙ። ምንጣፉ፣ መስኮቱ፣ የአየር ማስገቢያው ቱቦ ሁሉ ዱቄት የተነፋበት ይመስል ነበር ይላል። የሰጧቸው የወረቀት ማስክ ነው።

ሳሉ የጀመረው እዚያው እያለ ነው። እዚህ ከመጣ ወዲህ አንድ ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» እያለ ለዓመታት ክኒን አዋጠው። ዛሬ ከጊዮርጊስ እስከ ሐይቁ ዳር ለመሄድ ሦስት ጊዜ ይቆማል። በቅርቡ ሠርግ ላይ አንድ ከአሜሪካ የመጣ ሰው «እነዚያን ሰዎች መንግሥታቸው ዕድሜ ልክ ያሳክማቸዋል» አለን። እውነት ነው? ከሆነስ እዚህ ይከፍላሉ? ግሪን ካርዱ ጊዜው አልፎበታል። ደግሞ እዚህ ከተማ አንድ ሰው «እኔ አስጨርስላችኋለሁ፣ 40,000 ብር ቅድሚያ» ብሎናል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከሜሪላንድ

እህቴ፣ ለሰውዬው አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪ። ማመልከቻው በነፃ ነው።

የሰማሽው እውነት ነው፣ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለውብሻል። አንደኛው የወርልድ ትሬድ ሴንተር የጤና ፕሮግራም ይባላል። ሕጉ የተሰየመው በጄምስ ዛድሮጋ ነው፣ ፍርስራሹ ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 በሳንባ ሕመም በሞተ የኒው ዮርክ ፖሊስ መርማሪ። ሕጉ እ.ኤ.አ. ጥር 2011 ተፈርሞ ሥራው የተጀመረው በዚያው ዓመት ሐምሌ ነው። (አጎትሽ ሻንጣ ሲያስር ማለት ነው፣ ያሳዝናል።) በ2015 እስከ 2090 ተራዘመ። በአደጋው ቦታ የሠሩትንም፣ አካባቢው ላይ ኖረው ወይም ሠርተው አቧራውን የተነፈሱትንም ያሳክማል። አስም፣ የሳይነስ ሕመም፣ ካንሰር፣ ከድንጋጤው የመጣ የአእምሮ ሕመም ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ዜግነትም የመኖሪያ ፈቃድም አይጠይቅም።

ክፉው ወሬ ደግሞ ይኸውልሽ፦ ሕክምናውን የሚሸፍነው አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ላለ ሐኪም አይከፍልም።

ሁለተኛው የተጎጂዎች ካሳ ፈንድ ነው። ይኼኛው በፍትሕ ሚኒስቴራቸው ሥር ነው፣ ሕክምና ሳይሆን ገንዘብ ይሰጣል። ማመልከቻ የሚቀበለው እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት 1 ቀን 2090 ነው፤ ግን ለያንዳንዱ ሰው የሁለት ዓመት የምዝገባ ገደብ ስላለ ዛሬውኑ ኦንላይን መመዝገብ ነው። መመዝገብ መብት ያስጠብቃል እንጂ ምንም አያስከፍልም። ከአሜሪካ ውጭ የሚኖር ሰው ፕሮግራሙ ጋ ሄዶ መመርመር ስለማይችል በራሱ ሐኪም በኩል የሚቀርብበት መንገድ አለው። ለአጎትሽ የሚሆነው ይኸ ነው።

አባ ቁጠባ

40,000 ብር ያለው ሰውዬ ይታወቅልኝ 😂 አሜሪካ ውስጥ እንኳ ጠበቃ በዚህ ጉዳይ ከሚገኘው ካሳ ከ10 በመቶ በላይ መውሰድ በሕግ ተከልክሏል፣ ያውም ገንዘቡ ሲገኝ። ቅድሚያ የሚል ደላላ ካጋጠመሽ በሩን ዝጊ። «ሚሊዮን ዶላር» የሚልሽም ካለ፣ ካንሰር ላልሆነ ሕመም ለደረሰው ሥቃይ የሚከፈለው ጣሪያው 90,000 ዶላር ነው፣ ለካንሰር 250,000። የቀረ ደመወዝ ለብቻው ይታሰባል።

ሲስተር ዘንባባ

የፋሲሎ ልጅ፣ ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። «ጨጓራ ነው» የተባለው ነገር አይናቅ። የሆድ አሲድ ወደ ላይ መመለስ ራሱ ከዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ሕመሞች አንዱ ነው። ጥፋቱ በክኒን ብቻ ታልፎ ሳንባው ሳይታይ መቅረቱ ነው።

ዋናው ጥያቄ «ምልክቱ መቼ ጀመረ» የሚለው ነው። የአየር ቧንቧ ሕመም ሲሆን አቧራውን ከተነፈሱ በኋላ በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ መጀመሩን ያያሉ። ስለዚህ የእኛ አገር የዛሬ ካርድ ብቻውን አይበቃም፤ ኒው ዮርክ የታከመበትን ክሊኒክ ስም አስታውሶ የድሮ ፋይሉን ኮፒ ይጠይቅ። በሽተኛው ራሱ ሲጠይቅ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፣ ፋይሉ ካልተወገደ በቀር። እዚህ ደግሞ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ዘንድ ሄዶ የሳንባ አቅም መለኪያ (ስፓይሮሜትሪ) እና ራጅ ይነሣ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ታካሚው እንዲህ ይላል» ብቻ እንዳይሆን፤ የምርመራውን ውጤት፣ ምርመራው የተደረገበትን ቀንና ምን ዓይነት መድኃኒት ላይ እንዳለ በግልጽ ያስፍር።

እስከዚያው ግን ሰውየው መተንፈስ አለበት! የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ካልሆነ ቀበሌ ሄዳችሁ በምዝገባው ወቅት አስገቡት። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዞ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ይታያል። ሪፈሩን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ከኪስ ያስወጣል።

የፋሲሎ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ሻንጣውን ገልብጠን የእ.ኤ.አ. 2001 የደመወዝ ግብር ወረቀት፣ ደብሊው ቱ የሚሉትን፣ አገኘን። የሕንፃው መግቢያ ባጅም አለ፣ ፎቶው ላይ ጺም የለውም፣ ሳቅን። ግን የ2002 ወረቀት የለም። አጎቴ ራሱን «ነፍስ አድን አይደለሁም፣ ጠራጊ ነኝ» እያለ ማመልከት ያፍራል።

ከሜሪላንድ

ጋሼን በሉልኝ፦ ጠራጊው በሕጉ በስም አለ። ታችኛው ማንሃተን ፍርስራሽ ያጸዳ ሰው ከሠራተኞቹ ጋር ይቆጠራል፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 እስከ ሐምሌ 2002 ባለው ጊዜ 80 ሰዓት የሠራ ይገባል፣ መስከረም ውስጥ ከሆነ 24 ሰዓት ይበቃል። ሕንፃ ውስጥ ያጸዳና አቧራውን በብዛት የተነፈሰ ደግሞ ከአደጋው በተረፉት ወገን ይታያል። የትኛው እንደሆነ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ እሱ የሠራውን በእውነት ይጻፍ። እነዚህ መለኪያዎች የጤና ፕሮግራሙ ናቸው። ፈንዱ ግን በተለይ ከካናል ጎዳና በታች ያለውን ቦታ ስለሚያይ የሕንፃውን አድራሻ በቁጥሩ ጻፉ።

ለ2002 የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ የአሠሪዎችን ስም ከነዓመቱ የያዘ ዝርዝር በክፍያ ይሰጣል። ያም ካልተገኘ አብረውት የሠሩ ሁለት ሰዎች በቃለ መሐላ ይመስክሩለት።

የፎገራው

ይኸን ሳነብ ሆዴ ባባ። በ1998 ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ ሲተኛ እኛ ወጣቶች ሰው በጀርባ፣ በታንኳ እያወጣን ሰነበትን። እኔ ወገቤን የተጎዳሁት ያኔ ነው። እህል መጣ፣ ድንኳን መጣ፣ እናመሰግናለን። ግን ማን ውኃ ውስጥ እንደገባ የጻፈ አልነበረም። ዛሬ ወገቤን ይዤ አንድ ቢሮ ብገባ «ማን ያውቅሃል» ነው የሚሉኝ፣ ብለውኛልም። አሜሪካኖቹ ገንዘብ ስላላቸው ብቻ አይደለም፤ መዝግበው ስለያዙ ነው የሚያሳክሙት።

እማማ ቡና

እኔ ደግሞ ጉዳዬ የእዚሁ ነው። ባለቤቴ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ከጭስ ሲወጣ ሌሊቱን ሲስል ያድራል። «ሥራው ነው» ብሎ ዝም ይላል። ነገ ጡረታ ወጥቶ ሳንባው ቢታመም ማን ያሳክምልኛል?

ሕግ ቢጤ

እማማ፣ ባለቤትዎ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ሕክምናውን መሥሪያ ቤቱ እንዲሸፍን ያዝዛል። የፋብሪካ ወይም የድርጅት እሳት አደጋ ከሆኑ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ፤ ሕክምና፣ ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒት፣ አስፈላጊ ከሆነም ሰው ሠራሽ አካል አሠሪው ላይ ነው። ከሥራው የሚመጣ በሽታም እንደ ጉዳት ይቆጠራል። ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ በሕክምና ቦርድ ማስረጃ የጉዳት ጡረታ ወይም ዳረጎት ይጠየቃል።

ችግሩ ቦርዱ ፊት የሚቀርበው ወረቀት ነው። «ዝም ይላል» ያሉት ነገር ነው የሚጎዳዎት። ጭስ ውስጥ ገብተው በወጡ ቁጥር ለቅርብ አለቃቸው በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ኮፒው ላይ ማኅተም ያስደርጉ፣ ጤና ጣቢያ ሄደው ካርዱ ላይ «በሥራ ላይ» ተብሎ ይጻፍ። ኮፒው እርስዎ ጋ ይቀመጥ፣ ቢሮ ሳይሆን።

የፎገራው ወንድሜ፣ የእርስዎ ግን አስቸጋሪ ነው። በበጎ ፈቃድ የገባ ሰው አሠሪ ስለሌለው ከሁለቱም ሕግ ውጭ ይቀራል። ልዋሽዎት አልፈልግም።

የፎገራው

ስለ እውነቱ አመሰግናለሁ። አውቀው ነበር።

የፋሲሎ ልጅ (ጠያቂ)

ተመዘገብን! አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ሰው ብሮንክስ ተገኘ፣ ሌላውን እየፈለገ ነው። ደላላው ዛሬም ደውሎ ወደ 25,000 ወርዷል። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ቅጹ ላይ ሥራው ያበቃበትን ቀን በፈረንጅ ይጠይቃል። አጎቴ «ፋሲካ» ብቻ ነው የሚለው። ኢስተር ብዬ ልጻፍ?

ከሜሪላንድ

አይሆንም! የእነሱ ኢስተር በ2002 ማርች 31 ነበር። የእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1994 ነው የዋለው፣ ሜይ 5 ማለት ነው። ኢስተር ብትዪ የአምስት ሳምንት ሥራውን ትሰርዢበታለሽ። «ሜይ 2002 መጀመሪያ ገደማ» ብለሽ ጻፊ፣ ምስክሩም ቀኑን በራሱ አስታውሶ ይጻፍ፤ አንዱ ከሌላው እንዳይገለብጥ።