ሱቆች ዋጋ መስጠት ሲያቆሙ ምን ታደርጋላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ፣ ማለትም ሰው የሚገዛቸው ዕቃዎች ዋጋ በጊዜ ሂደት ምን ያህል እንደተለወጠ የሚያሳየውን መለኪያ፣ በሚያዘጋጅ ቡድን ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁና እባካችሁ እርዱኝ።

ዋጋ የሚሰጡን ሱቆች ከወር ወር እየቀነሱ ነው። በብዛት እምቢ የሚሉት ደግሞ ትልልቆቹ ናቸው። መረጃ ሰብሳቢው ታብሌቱን ይዞ ይሄዳል፣ "ሥራ አስኪያጁ የሉም፣ ሌላ ቀን ና" ይባላል። ሌላ ቀን ሲሄድም መልሱ ያው ነው።

በጣም ያስጨነቀኝ የጎደለውን ዋጋ አሞላል ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ያለፈውን ወር ዋጋ እንድገመው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። እንዲህ ካደረግን ያላየነው ዋጋ ሁሉ ባለበት የቆመ ይመስላል፤ ኢንዴክሱም ወደ ዜሮ ለውጥ ይጎተታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ ዓለም አቀፍ መመሪያም ቢሆን፣ ዋጋው በመንግሥት የተተመነ ዓይነት ካልሆነ በቀር ይህን አይመክርም።

ስለዚህ መልስ ከሰጡት ሱቆች የተመሳሳይ ዕቃዎችን አማካይ ለውጥ ወስደን ያለፈውን ዋጋ በዚያ እናባዛለን። ይህ የሚያስኬደው ግን መልስ የሰጡትና ያልሰጡት ሱቆች ዋጋ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ነው። ትልልቆቹ ቶሎ ቶሎ ቅናሽ የሚያደርጉ ከሆነስ?

የምላሽ ምጣኔን (ከተጠየቁት ሱቆች መልስ የሰጡትን ድርሻ) በሱቅ ብዛት ብቻ ሳይሆን በሽያጭ ድርሻ መዝናችሁ የምታሰሉ አላችሁ? ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣውን የሽያጭ መረጃ በቀጥታ ማግኘት የቻላችሁስ፣ ኃላፊዎቹን መጀመሪያ ያሳመናቸው ምን ነበር? የምስጢር ጥበቃው ጉዳይ ነው ወይስ ሥራ የሚቀንስላቸው መሆኑ?