ከኔፕቱን ወዲያ ያለው በረዶ ለጎጃም ተማሪ ምኑ ነው?

መምህር ከደብረ ማርቆስ፦
ትናንት እዚህ «ማንም ያልረገጠውን በረዶ ቀለሙን አይቶ አወቅሁት ማለት ዕውቀት አይደለም፤ የፊዚክስ ተማሪዎቻችን አፈራቸውን ይመርምሩ» ተብሎ የተጻፈው አሳዝኖኛል። የውኃ በረዶ የሞገድ ርዝመቱ 1.5 እና 2.0 ማይክሮሜትር አካባቢ የሆነውን ብርሃን እንደሚውጥ በቤተ ሙከራ ተለክቶ ታውቋል። ከኔፕቱን ማዶ ካሉ አካላት ተንጸባርቆ በሚመጣው የፀሐይ ብርሃን ላይ ያው ጉድለት ሲገኝ፣ ይህ ልኬት እንጂ ግምት አይደለም።

የቡሬው፦
የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ቃሌን አላጥፍም። የደጋው አፈር አሲዳማ ሆኖ ገበሬው ኖራ እየፈለገ ሳለ፣ «ማንም ያልረገጠው» ማለቴ ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ?

ተመራቂ ከባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ በጣና ላይ እምቦጭ የት እንደተስፋፋ ከሳተላይት የሚለየው ቅጠሉ የሚያንጸባርቀውን፣ ለዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ከውኃው በመለየት ነው። አፈርም በዚሁ ጥበብ ይመረመራል። በረዶውን ማንበብ የተማረ ሰው አፈሩን ለማንበብ አይቸገርም።

የቡሬው፦
እምቦጩን በጀልባ ሄደን በእጃችን ነቅለን እናረጋግጣለን። ያንኛውን ማን ሄዶ አየው?

መምህር ከደብረ ማርቆስ፦
ተሄዷል እኮ። ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ፕሉቶን፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ደግሞ ከኔፕቱን ማዶ ካሉት ትናንሽ አካላት አንዱን አሮኮትን በ3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አልፋለች። ርዝመቱ 36 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ይህ አካል ቀይ መሆኑን ሀብል ቴሌስኮፕ አስቀድሞ ለክቶ ነበር፤ መንኮራኩሯም ቀይ ሆኖ አገኘችው፤ በገጹ ላይም የሜታኖል በረዶ ምልክት አየች።

የቡሬው፦
አለፈች እንጂ አላረፈችም። ደግሞስ ቅላቱ የመጣው ጨረር እንደ ሜታኖልና ሚቴን ያሉትን በረዶዎች በረጅም ዘመን እየመታ ወደ ውስብስብ የካርቦን ውህዶች ስለሚለውጣቸው ነው የምትሉት እናንተው ናችሁ። እንግዲያው የምታውቁት ቅርፊቱን ነው፤ ስለ ሆዱ ምን ማስረጃ አላችሁ?

ተመራቂ ከባሕር ዳር፦
ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ ቅርፊት መሆኑንም አልክድም። ሆኖም ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ከኔፕቱን ማዶ ካሉት አካላት በብዙዎቹ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ አግኝቷል፤ ገጻቸውም በዓይነት በዓይነት የሚከፈል ሆኗል። ሁሉንም የመታው ጨረር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተለያዩ ነበር፤ ልዩነቱ ሲፈጠሩ ከፀሐይ ከነበራቸው ርቀት ጋር ይያያዛል የሚለው ሐሳብም የሚነሣው ከዚህ ነው።

የቡሬው፦
«ሐሳብ» ብለሻል፤ እኔ የጠየቅሁት ማስረጃ ነው።

መምህር ከደብረ ማርቆስ፦
ማስረጃው የሚሰበሰበው ተማሪ ሲመደብበት ነው፤ እርስዎ ግን ተማሪውን አስቀድመው ከለከሉት።

የቡሬው፦
አልከለከልሁም፤ ኖራው ይቅደም አልሁ እንጂ።