«ውርጩ መረጣቸው» ሲባል የሞቱት ናቸው ወይስ የተረፉት?

ባለ በርኖስ፦ ሰላም ቤተሰብ። መንዝ ውስጥ አንድ አባት ስለ በጎቻቸው ሲያወሩ «ዘንድሮ ውርጩ መረጣቸው» አሉ። የተመረጡት ያለቁት ናቸው ወይስ የቀሩት? ስለ «ተፈጥሯዊ ምርጫ» ጽሑፍ እያረምኩ ስለሆነ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ግእዙ «ኀረየ» ነው። ወንጌሉም «ብዙኃን ጽውዓን ወኅዳጣን ኅሩያን» ይላል። ኅሩይ የተወደደው፣ የቀረው ነው። አለቀ።

የሞጃው፦ የት አለቀ? ሞትም መርጦ ይወስዳል እንላለን እኮ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠህ አታውቅም? በኔ ግምት «መረጠ» የወጣው ከ«ምርት» ነው። አውድማ ላይ ምርቱ ወዲህ፣ ግርዱ ወዲያ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ «ምርት» በተ፣ «መረጠ» በጠ! ፊደል ቆጥረሃል ግን?

የሞጃው፦ ጀመረህ ደግሞ። ዳዊት ደግሜያለሁ፣ አመሰግናለሁ።

ደብረ ብርሃን ብርዱ፦ ባዮሎጂ ስለማስተምር ልግባበት። የ«ተፈጥሯዊ ምርጫ»ን ሐሳብ ያስፋፋው ዳርዊንም በዚሁ ቃል ተቸግሯል። ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፉ በ1859 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዓመቱ ለጂኦሎጂስቱ ላይል ሲጽፍ፣ እንደ አዲስ ብጀምር ኖሮ «ምርጫ» በማለት ፈንታ «ማቆየት» የሚል ቃል እጠቀም ነበር ብሎታል። ሰው ሁሉ መራጭ ያለ እየመሰለው ነዋ!

ውርጭ ዓይን የለውም። ጸጉሯ የሳሳው በግ ሳትወልድ ትሞታለች እንበል፣ ጸጉረ ወፍራሟ ተርፋ ትወልዳለች። ውፍረቱ በዘር የሚወረስ ከሆነ መንጋው ከትውልድ ትውልድ ይለወጣል። አንዷ በግ ግን ስለበረዳት ብቻ ለልጇ የምታወርሰው ጸጉር አታበቅልም። የሚለወጠው መንጋው ነው።

የኛን መረጣ ደግሞ እዩት። ቶሎ ያደገውን ጠቦት ለበዓል እንሸጣለን። ቀርፋፋው ቤት ይቀርና አውራ ይሆናል። ከዚያ «የዛሬ በግ አነሰ» እያልን እናማርራለን።

የሞጃው፦ መምህርት፣ ይባርክሽ! ተመርጦ የሄደው እኮ ሟቹ ነው ማለትሽ ነው። አላልኩም?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ እሱ የገበያ ምርጫ ነው። ገዢ ዓይን አለው፣ ውርጭ የለውም ተብሏል። አንብብ እንጂ ወንድሜ።

ባለ በርኖስ፦ እሺ፣ የሞቱት ብዬ ልጻፍ ወይስ የተረፉት?

የሞጃው፦ እሱ ይቆይ። እናንተ አገር «ግርድ» እና «ገለባ» አንድ ነው እንዴ? እኛ ጋ ለየብቻ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ይኸው፣ አሁን ገና ወደ ቁም ነገሩ መጣህ።