ለድርቅ ወቅት የውሃ ተራ የሚቀርበው የጋራ ረቂቅ፦ የዕቅድ ውይይት፣ አዳማ

ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራችን አባላት፣ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አዋሽን ገድቦ የያዘው የቆቃ ግድብ በደለል ምክንያት የመያዝ አቅሙ እየቀነሰ በመምጣቱ፣ ክረምቱ ሲከዳን የምንመካበት ውሃ እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ ከዋናው ቦይ የሚለቀቅልን ሰዓት በአንድ አራተኛ ከተቀነሰ የሁሉም ተራ በዚያው ልክ እንዲቀንስ፣ ማለትም የስምንት ሰዓቱ ተራ ስድስት እንዲሆን በረቂቁ አስፍሬአለሁ። አስተያየታችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የግርጌ ቦይ አባል፦ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ስድስት ሰዓት ለራስጌውና ለግርጌው እኩል አይደለም። ባለፈው የካቲት ተራዬ በሌሊት ደርሶ በሩን ከከፈትሁ በኋላ ባትሪ ይዤ ውሃውን በቦዩ ዳር ተከትዬ ስወርድ፣ የተሰነጣጠቀው አፈር እየዋጠው ማሳዬ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ፈጀ። የሽንኩርት ሥር ጥልቀት ስለሌለው፣ ኮረት (የሚበላውን ራስ) በሚይዝበት ወቅት ውሃ ካጣ በኋላ ቢጠጣም አይካስም። ተራው ውሃው ማሳ ከደረሰበት ሰዓት ይቆጠር።

የራስጌ ቦይ አባል፦ ወንድሜ፣ ችግርህ እውነት ነው፤ በጆንያ አፈር ውሃ የሚጠልፉ ከእኛ ወገን መኖራቸውንም አልክድም። ሆኖም ተራው እንዳልኸው ከተቆጠረ በየመንገዱ የሚባክነው ሰዓት ከእኛ ድርሻ ይወሰዳል። ቦዩ እስኪሞላ የሚፈጀው ጊዜ በቅድሚያ ከጠቅላላው ሰዓት ተነሥቶ፣ የቀረው በማሳ ስፋት ቢከፋፈል ሁላችንም ኪሳራውን እንጋራለን።

የውሃ አባት (የውሃ ተራ አስከባሪ)፦ ተራው ከግርጌ ተጀምሮ ወደ ራስጌ ከወጣ ቦዩ የሚሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከራስጌ ስንጀምር ግን በእያንዳንዱ ተረኛ አዲስ ደረቅ ቦይ በውሃ እናርሳለን። ከሁሉ በፊት ግን ደለሉ ይጠረግ፤ ሣር በበቀለበት ቦይ ሰዓት መቁጠር ከንቱ ነው።

ጸሐፊ፦ አመሰግናለሁ። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት የተቋቋሙበት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ስርጭቱንም ጥገናውንም ለማኅበር ስለሚሰጥ፣ ሁለቱን በአንድ አንቀጽ አዋሕጃቸዋለሁ፦ «የቦይ ጠረጋ ከመዝራት በፊት ይጠናቀቃል፤ በድርቅ ወቅት ተራ ከግርጌ ይጀምራል፤ ቦይ የሚሞላበት ጊዜ የጋራ ሆኖ የቀረው ሰዓት በማሳ ስፋት ይከፈላል።» ውሃ በጠለፈ አባል ላይ የሚጣለው ቅጣት ገና ስላልተስማማንበት ለብቻው ለጉባኤው ይቅረብ።