የአስናቀች ወርቁን ሕይወት መድረክ ላይ ስናቀርብ ክራሩን ማን ይደርድር?

ጀማሪ አዘጋጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር በአንድ አነስተኛ የቲያትር ክበብ ውስጥ የድምፃዊትና ተዋናይት አስናቀች ወርቁን ሕይወት በተውኔትና በቀጥታ ሙዚቃ ለማቅረብ ልምምድ ጀምረናል። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ልጅ ትወናዋ እጅግ ጥሩ ቢሆንም ክራር ይዛ አታውቅም። ከመጋረጃ ጀርባ ሌላ ሰው እየደረደረላት ጣቶቿን ብቻ ታንቀሳቅስ ወይስ የቆዩትን ቅጂዎች እናሰማ በሚለው አልተስማማንም። ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ግን ግጥሙ ነው፤ አስናቀች ስንኝ በቦታው እየፈጠረች በመመለስ የታወቀች ሆና ሳለ፣ እኛ ሁሉንም አስቀድመን ጽፈን ብናስጠና መልኳን እንጂ እሷን የምናመጣ አይመስለኝም።

ባለ ስድስት አውታር፦
ቅጂውን ይተዉት። ጎንደሬ ማሲንቆ ሲመታ እያየ ያደገ ስለሆነ ጣትና ድምፅ አለመገጣጠሙን ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦም ይለየዋል። ተዋናይቷ ሁሉንም ዜማ መማር አያስፈልጋትም፤ የትዝታን ቅኝት ብቻ በሚገባ ትማር። ከስድስቱ አውታሮች አምስቱ የቅኝቱን ድምፆች ሲይዙ ስድስተኛው አንዱን በኦክታቭ (ያንኑ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ) ስለሚደግም፣ አንድ ቅኝት ለለመደ እጅ መንገዱ አይጠፋውም። ከባዶቹን ዜማዎች የሚደረድር ሰው ካስፈለገም አይደበቅ፤ በግልጽ ከአጠገቧ ይቀመጥ። ደግሞ ክራሯን ተመልካች ፊት ትቃኝ፤ አውታር እያጠበቀች የምትናገረው ቃለ ተውኔት ከማንኛውም መግቢያ ይበልጣል።

የአዝማሪ ቤት ደንበኛ፦
ስለ ግጥሙ የሰጉት ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። አዝማሪ ቤት ገብተው «ተቀበል!» ሲባል ሰምተው ከሆነ፣ ደንበኛው ስንኝ ሰጥቶ አዝማሪው በዜማ እንደሚመልስለት ያውቃሉ፤ ሰሙን ሁሉም ይሰማል፣ ወርቁን የገባው ይስቃል። እንግዲህ በተውኔቱ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ክፍት ይተዉ፤ በእነዚህ ቦታዎች የተመልካቹ መብራት ይብራና ስንኙ ከሕዝቡ ይምጣ። ተዋናይቷ ብትሳሳት እንኳ ነውር የለውም፤ አዝማሪም ይሳሳታል፣ ስህተቱን ወደ ቀልድ የሚያዞርበት ፍጥነት ነው ሙያው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የእኛን ማሲንቆ ለጌጥ ብላችሁ በእሷ ታሪክ ውስጥ አታስገቡ፤ የአስናቀች መሣሪያ ክራር ነው።

የመድረክ ሰው፦
ሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ የነበረበትን ዘመን አትለፉት፤ ከቀደምት ሴት ተዋናዮቻችን አንዷ ናትና ታሪኳ ግማሹ እዚያ ነው። ዘፈኖቹን በተመለከተ፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። እሷ ያረፈችው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስለሆነ ከወራሾቿ ጋር ከትርኢቱ በፊት ተነጋገሩ፤ የግጥምና የዜማው ደራሲ ሌላ ሰው ከሆነም ከዚያ ሰው ወገን ጋር።

ጀማሪ አዘጋጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፈቃዱን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ልጅቷም ከዛሬ ጀምሮ ክራር ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ክፍቱን ቦታ ግን ከሁለት አላስበልጠውም፤ የጎንደር ተመልካች ስንኝ መስጠት ከጀመረ የሚያቆመው የለም።